ምስሉ እዚህ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?

በ1999 እ.ኤ.አ. አጋማሽ፣ የሲድኒ ኦሎምፒክ ሊጀመር ከዓመት ትንሽ አለፍ ያለ ጊዜ ሲቀረው፣ ብሩስ ማጓየር የተባሉ አውስትራሊያዊ የውድድሩን አዘጋጅ ኮሚቴ ለአገራቸው የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ከሰሱ። ማጓየር ዓይነ ስውር ናቸው። ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ብሬል ለውጦ ከጣታቸው ሥር በሚያደርስ መሣሪያ ነበር። የኦሎምፒኩን ድረ ገጽ ሲከፍቱ ግን ብዙው ነገር በምስል የቀረበ ነው፤ ምስሎቹ ምን እንደሆኑ የሚናገር ጽሑፍ ደግሞ የለም። መሣሪያው ጽሑፍ ካላገኘ የሚያደርሰው ነገር የለውም። ከመርሐ ግብሩ ወደ ስፖርቶቹ ዝርዝር መሻገርም ሆነ የውጤት ሠንጠረዦቹን መከታተል ሳይችሉ ቀሩ።

አዘጋጅ ኮሚቴው ማስተካከያው ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል ብሎ ተከራከረ። ኮሚሽኑ ክርክሩን አልተቀበለም። በኦገስት 2000 ለማጓየር ፈርዶ፣ ውድድሩ እስከሚከፈትበት እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ገጹ እንዲስተካከል አዘዘ። ትእዛዙ በሚገባ ስላልተፈጸመ ኮሚቴው 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍላቸው ተወሰነ። የድረ ገጽ ተደራሽነት በተነሳ ቁጥር ቀድመው ከሚጠቀሱት ፍርዶች አንዱ ይህ ነው።

የክርክሩ አንዱ ዋና መነሻ በየምስሉ ኮድ ውስጥ ባዶ የቀረች አንዲት ቦታ ናት። አማራጭ ጽሑፍ ትባላለች፤ ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች አልት ቴክስት ይሏታል። ምስሉ ሲቀመጥ ከፋይሉ አድራሻ አጠገብ የምትጻፍ፣ ለሚያይ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ የማትታይ አጭር ጽሑፍ ናት። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) 2.0 ደንብ ውስጥ ነበረች፤ በ1997 የወጣው 4.0 ደግሞ ለእያንዳንዱ ምስል ግዴታ አደረጋት። የዓለም አቀፉ የድር ጥምረት የተደራሽነት መመሪያም ከመጀመሪያዎቹና ከዝቅተኛዎቹ መስፈርቶቹ መካከል አስቀምጧታል፤ ይህን ያላሟላ ገጽ ሌላውን ቢያሟላም ተደራሽ አይባልም።

ዓይነ ስውራን ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠቀሙት በአብዛኛው ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ ጆስ አለ፤ ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን ያበለጸጉትና በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤም አለ። በአንድሮይድ ስልክ ቶክባክ፣ በአይፎን ደግሞ ቮይስኦቨር ይሠራል። ፕሮግራሙ ገጹን ከላይ ወደ ታች በድምፅ ያነባል፤ ምስል ጋ ሲደርስ አማራጭ ጽሑፉን ያነባል። ጽሑፉ ከሌለ አንዳንዴ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ምስሉ ማስፈንጠሪያ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የፋይሉን ስም ማንበብ ይጀምራል፦ «አይ ኤም ጂ፣ ሰረዝ፣ ሁለት ዜሮ ሁለት አራት…»። የሚፈልጉትን ቅጽ ለማግኘት ገጹን ሲያስሱ እንዲህ ያለ የቁጥር ጋጋታ ደጋግሞ ቢነበብልዎ ምን ያህል እንደሚያታክት ያስቡት።

በነገራችን ላይ ጥቅሙ በዓይነ ስውራን ብቻ አያበቃም። ኔትወርክ ሲደክም፣ ወይም አንባቢው የዳታ ሒሳቡን ለመቆጠብ ምስል እንዳይከፈት ሲያደርግ፣ በምስሉ ቦታ የሚታየው ይኸው ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንግባ። ብዙ ሰው ስለ አማራጭ ጽሑፍ ሲነገረው ፎቶው ላይ የሚታየውን ሁሉ ለመዘርዘር ይነሳል። እኔ ከዚያ በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ ይህ ምስል እዚህ ገጽ ላይ ምን ሥራ ይሠራል? ምስሉ ቢነሳ አንባቢው ምን ይጎድልበታል? የጎደለውን ይጻፉለት፤ ሥራው ያ ነው።

ከዚያው ከሲድኒ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ፎቶ እንውሰድ። የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ደርሶበት በ0.09 ሰከንድ ቀደመው፤ በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ በወጡት መካከል የነበረው ልዩነት እንኳ ከዚህ ይሰፋ ነበር። ሁለቱ መስመሩ ላይ ሲደርሱ የተነሳ ፎቶ አለዎት እንበል።

ፎቶውን የውድድሩ ዘገባ ላይ ካስቀመጡት አንባቢው የሚፈልገው ማን፣ የት፣ ምን እንደሆነ ነው፦ «ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ፖል ቴርጋትን ለጥቂት ቀድሞ መስመሩን ሲያልፍ»። ይበቃል። የተመልካቹን ብዛት፣ የሰማዩን ቀለም፣ የጫማውን ዓይነት መጨመር ዘገባውን ለሚሰማው ሰው ማዘግየት ነው።

ያንኑ ፎቶ አንድ አሠልጣኝ ስለ አጨራረስ ስልት በጻፈው ትምህርት ውስጥ ካስገባው የሚፈለገው ይለወጣል። እዚህ ላይ የሯጮቹ ስም ሁለተኛ ነገር ነው፤ ተማሪው ማወቅ ያለበት አካላቸው እንዴት እንደሆነ ነው፦ «ሁለት ሯጮች ትከሻ ለትከሻ መስመሩ ላይ ሲደርሱ፤ አጭሩ ደረቱን ወደ ፊት ሰድዶ በግማሽ ደረት ያህል ቀድሟል»። ፎቶው ሲነካ የአትሌቱን የሕይወት ታሪክ የሚከፍት ማስፈንጠሪያ ከሆነ ደግሞ የሚጻፈው መድረሻው ነው፦ «የኃይሌ ገብረ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ»። አንድ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ገጹን ለማሳመር ብቻ ከአርእስቱ ጀርባ ካነጠፈው ምንም አይጻፍም።

አንድ ፎቶ፣ አራት መልስ። ለዚህ ነው «ለዚህ ምስል ትክክለኛው አማራጭ ጽሑፍ የቱ ነው?» ለሚል ጥያቄ ገጹን ሳያዩ መልስ መስጠት የማይቻለው።

«ምንም አይጻፍም» ስንል ግን ቦታዋ በኮዱ ውስጥ ትኑር፤ በሁለቱ ትእምርተ ጥቅሶች መካከል ምንም ሳይኖር ባዶዋን ትቀመጥ። ስክሪን ሪደሩ ይህን ሲያይ ምስሉ ለጌጥ መሆኑን ተረድቶ ያልፈዋል። ቦታዋ ጨርሶ ከሌለች ግን ያው የፋይል ስም ንባብ ሊመጣ ይችላል። የእኛ አገር ገጾች በጥለትና በሐረግ ማጌጥ ይወዳሉ፤ ያምርባቸዋልም። ከእያንዳንዱ አንቀጽ በላይ ለተዘረጋው ሐረግ «የሐረግ ጌጥ» ብሎ መጻፍ ግን አድማጩን በየአንቀጹ ማቋረጥ ነው። ገጹ ስለ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት የሚያስረዳ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ሐረጉ ራሱ ትምህርቱ ስለሆነ ቀለሙ፣ አጠላለፉ፣ በገጹ ላይ ያለበት ቦታ ሁሉ ይገለጻል።

ለመጫን የተቀመጡ ትንንሽ ምልክቶች ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ሥራቸውን ይጻፉ፦ አጉሊ መነጽር ለሚመስለው «ፈልግ»፣ ለፖስታው «መልእክት ላክ»። ቤት ለሚመስለው ምልክት ግን «ዋና» ብቻ ብለው አይተዉት፤ ጠብቆ ይነበብ ላልቶ ማሽኑ ከምን ይለያል? «ዋና ገጽ» ቢሉ ይጠራል።

አሁን በእኛ ዘንድ ከሁሉ የሚያመኝን ልንገርዎ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶ ይነሳና ገጽ ላይ ይለጠፋል። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ፣ የምዝገባ ጥሪ፣ የፈተና ፕሮግራም፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የመንገድ መዘጋት ማሳሰቢያ፤ ሁሉም በፎቶ። ፎቶው ላይ ያለው ሙሉ በሙሉ ጽሑፍ ነው፤ ለስክሪን ሪደሩ ግን ምስል ነው፤ ከምስሉ በላይ የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ «አስቸኳይ ማስታወቂያ» የሚል ብቻ ይሆናል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ዓይነ ስውር ወጣት «አስቸኳይ» መሆኑን ይሰማል፤ ምን እንደሆነ አይሰማም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ደንግጋለች፤ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ በ9ኛው አንቀጹ ኢንተርኔትን በስም ጠርቶ ተደራሽ ይሁን ይላል። ማስታወቂያው ካልተነበበለት ሰው ግን መብቱ ከደጅ ይመለሳል።

መፍትሔው ረጅም አማራጭ ጽሑፍ መጻፍ አይደለም፤ ይህን ልብ ይበሉ። አማራጭ ጽሑፍ አንቀጽ የለውም፣ አርእስት የለውም፣ ቁጥር መቅዳት ወይም ማስፈንጠሪያ መንካት አይቻልበትም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባንድ ትንፋሽ የሚነበብ ነው። የሥራ መደቡን፣ ተፈላጊውን የትምህርት ደረጃ፣ የልምዱን ዓመት፣ የመመዝገቢያውን ቀንና ቦታ፣ ስልኩን ሁሉ እዚያ ቢያጭቁት አድማጩ ስልኩን ለመያዝ ከመነሻው ደጋግሞ መስማት ይኖርበታል። የደብዳቤውን ቃል እንዳለ በልጥፉ ውስጥ ይተይቡት። ደብዳቤው መጀመሪያ የተጻፈው በኮምፒውተር ስለሆነ ገልብጦ መለጠፍ የደቂቃ ሥራ ነው። ማኅተሙ ለማመሳከሪያ ይፈለጋል ከተባለ ፎቶውም ይለጠፍ፤ አማራጭ ጽሑፉም «የማስታወቂያው ፊርማና ማኅተም ያለበት ቅጂ፤ ሙሉ ቃሉ ከታች አለ» ይበል። ቴሌግራም ላይ ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ይህንኑ ሥራ ይሠራል። እንዲህ ሲያደርጉ ሌላውም ሰው ይጠቀማል፦ ጽሑፉ ይፈለጋል፣ ይገለበጣል፣ ዳታም አይበላም።

ሠንጠረዥና ግራፍም በዚሁ መንገድ ይታያሉ። ግራፉ የያዘው ጥቂት ቁጥር ከሆነ ቁጥሩን ራሱን ይጻፉ፦ «ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ያገኘችው ወርቅ፦ አትላንታ 1996፣ 2፤ ሲድኒ 2000፣ 4፤ አቴንስ 2004፣ 2»። «ባለ ሦስት ዓምድ ሰማያዊ ግራፍ» ማለት ለማንም አይጠቅምም። የብዙ ወራት የዋጋ ውጣ ውረድ የሚያሳይ ከሆነ ግን ግራፉን ገጹ ላይ ያስቀመጡበትን ምክንያት፣ ማለትም ዋጋው መቼ እንደወጣና መቼ እንደወረደ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩ፤ ቁጥሮቹን ከሥሩ በሠንጠረዥ ያውጡ። ካርታም እንዲሁ ነው። ክሊኒኩ የት እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ «ካርታ» ተብሎ ከተጻፈበት ማንም አይደርስም። «ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ሲመጡ በስተቀኝ» የሚል አቅጣጫ በገጹ ላይ ቢጻፍ ግን ዓይነ ስውሩም፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሚጣደፈውም ይደርስበታል።

ሰዎችን የሚያሳይ ፎቶ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አማርኛ ግሡ ላይ ጾታና አክብሮት ይዞ ስለሚመጣ መካከል ላይ መቆም አይቻልም፤ «የተቀመጠ»፣ «የተቀመጠች» ወይም «የተቀመጡ» ማለት ግድ ነው። አባት የሚሆኑ ሰው «የቆመ ሽማግሌ» ተብለው ከተነበቡ፣ ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ «አቶ» ከተባሉ፣ አድማጩ ሁለት ሰው የተነሳ ይመስለዋል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ የያዙትን የአክብሮት ደረጃ በአማራጭ ጽሑፉም ይያዙ። የሰውን ብሔር ወይም ሃይማኖት ከመልኩና ከልብሱ ገምተው አይጻፉ፤ ልብሱ ለጉዳዩ ካስፈለገ ልብሱን ብቻ ይግለጹ። «ቆንጆ»፣ «ምስኪን» የሚሉት ደግሞ የጸሐፊው ፍርድ ስለሆኑ ለአድማጩ ይተዉለት፤ የሚታየውን ነግረውት እሱ ይፍረድ።

ጥቂት የቋንቋ ነገሮች በፍጥነት። «የ… ምስል» ብለው አይጀምሩ፤ ስክሪን ሪደሩ ምስል መሆኑን ራሱ ይናገራል። ሥዕል፣ የመስታወት ሥዕል ወይም የእጅ ጽሑፍ መሆኑ ለነገሩ ክብደት ካለው ግን ይጻፍ፤ የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች «መስኮት» ብሎ ማለፍ አይቻልም። አሕጽሮት ያስወግዱ፤ «ዶ/ር» እና «ክ/ከተማ» ዓይን ያውቃቸዋል፣ ማሽን ግን ሊሰባብራቸው ይችላል፤ «ዶክተር» እና «ክፍለ ከተማ» ብለው ይዘርዝሩ። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑም በኮዱ ይመዝገብ። ኤንቪዲኤ አብሮት በሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ በተባለው ድምፅ አማርኛ ማንበብ ይችላል፤ ገጹ እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ከተመዘገበ ግን የእንግሊዝኛው ድምፅ ፊደላችንን ሊያበላሸው ወይም ሊዘለው ይችላል። ገጹን ከተዘጋጀ ንድፍ ያሠሩ ሰዎች ደግሞ በየምስሉ ሥር የተረሳ የእንግሊዝኛ አማራጭ ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን ያስፈትሹ።

«ይህን ሁሉ ማሽኑ ራሱ አይጽፈውም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይጽፋል። ፌስቡክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምስልን በራሱ እየገለጸ ያቀርባል፤ አሁን ያሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ደግሞ ከዚያ እጅግ የተሻለ ይገልጻሉ። ምንም ከሌለበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ዓይነ ስውራንም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ማሽኑ ምስሉን ለምን እንዳስቀመጡት አያውቅም። ነጭ የለበሱ ሰዎች ቆመው የሚታዩበት ፎቶ ሲሰጡት «ነጭ የባህል ልብስ የለበሱ ሰዎች ከቤት ውጭ ተሰብስበው» ሊልዎ ይችላል፤ ስህተት የለበትም። እርስዎ ግን ያዩት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የቆሙ ሰዎችን ነው። «ነጠላቸውን ዘቅዝቀው» የሚለው ሲነበብ፣ አማርኛ ሰሚ የሆነ ሁሉ ኀዘን መሆኑን ሌላ ቃል ሳይጨመር ያውቃል። ማሽኑ የጻፈውን እንደ ረቂቅ ይውሰዱት፣ ከዚያ የጎደለውን እርስዎ ይሙሉ፤ ያልነበረ ነገር ጨምሮ እንደሆነም ይፈትሹ።

ጽፈው ሲጨርሱ ገጹን በስልክ ለሩቅ ወዳጅዎ እንደሚያነቡለት አድርገው ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ምስሉ ጋ ሲደርሱ በአፍዎ የሚሉትን ካልጻፉ፣ አለዚያም በአፍዎ የማይሉትን ጽፈው ከሆነ ያስተካክሉ። ቀጥሎ ቶክባክን ከስልክዎ ቅንብር ውስጥ ያብሩና ስክሪኑን ሳያዩ ገጹን ይስሙት። አነካኩ ከለመዱት ስለሚለይ ከማብራትዎ በፊት እንዴት እንደሚጠፋ ይወቁ። መሥሪያ ቤትዎ ወይም ሱቅዎ ብዙ ሰው የሚያስተናግድ ገጽ ካለው ደግሞ ስክሪን ሪደር ዕለት በዕለት የሚጠቀም ዓይነ ስውር ባለሙያ ጠርተው ያስፈትሹ። ቅጹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲሞላ፣ ዋጋ እንዲያወዳድር፣ ማስታወቂያ እንዲፈልግ ያድርጉና የቆመበትን ቦታ ሁሉ ይመዝግቡ። ይህ እንደማንኛውም የሙያ ሥራ ስለሆነ ክፍያው ቀድሞ በስምምነት ይወሰን፤ ገጹ በታደሰ ቁጥርም ፍተሻው ይደገም።